ተቀባይ ያጣ ንግግር

«ማራኪ» የሚለው ቃል ሁለት መልክ አለው። ጦር ሜዳ ውሎ ምርኮኛውን እየነዳ የሚመጣው ጀግና ማራኪ ነው። ገመድ ሳይይዝ ሰው የሚያስረውንም ሁሉ ማራኪ እንለዋለን፤ ማራኪ ድምፅ፣ ማራኪ ዓይን፣ ማራኪ ንግግር። ጎንደር ላይ ደግሞ ማራኪ የሰፈርና የክፍለ ከተማ ስም ነው፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሳይንስ፣ የሕግና የቢዝነስ ተማሪዎች የሚውሉበት ግቢም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ስለ ተማሪዎች የንግግር ውድድር ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የተሻለ አድራሻ አይገኝለትም። ጥያቄዬም ከዚሁ ስም ይነሣል። ተማሪዎቻችን መድረክ ላይ ሲወጡ ማንን ነው የሚማርኩት? የሚማረከውስ ሰው አዳራሹ ውስጥ አለ ወይ?

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የንግግር ውድድር አሁን አሁን የተለመደ ነገር ሆኗል። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ማዕከላት ያዘጋጁታል፤ የተማሪ ክበባት ያዘጋጁታል፤ አንዳንዴም አንድ ድርጅት ቲሸርትና የምስክር ወረቀት ይዞ ብቅ ይላል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበርሁባቸው ዓመታትም፣ ከዚያም ወዲህ፣ በዳኝነትም በተመልካችነትም ብዙዎቹን አይቻለሁ። አንዱን ያየ ሁሉንም አየ ማለት ይቻላል። ልጁ የተውሶ ኮቱን አስተካክሎ ይወጣል። አንድ የኔልሰን ማንዴላ አባባል ይጠቅሳል። (ሰውየው ያሉትም ያላሉትም በየውድድሩ ይጠቀስላቸዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር።) ቀጥሎ «እስቲ ለአፍታ ዓይናችሁን ጨፍኑና አስቡት» ይላል። እጁን ወደ ቀኝ ይዘረጋል፤ ቆየት ብሎ ወደ ግራ። ሰዓት ያዡ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ወረቀት በየተራ ያነሣል። ቀዩ ሲነሣ ንግግሩም ያልቃል። ጭብጨባ። «ቀጣይ ተወዳዳሪ!»

ርዕሶቹም የታወቁ ናቸው። የጊዜ አጠቃቀም፣ የስኬት ቁልፍ፣ የነገ አገር ተረካቢው ወጣት፣ የአየር ንብረት ለውጥ። የዳኛው የነጥብ መስጫ ወረቀትም ከቦታ ቦታ እምብዛም አይለይም። ለቃላት አነጋገር ይህን ያህል፣ ለእጅ እንቅስቃሴ ይህን ያህል፣ ተመልካችን ዓይን ዓይኑን ለማየት ይህን ያህል፣ ለሰዓት አጠባበቅ ይህን ያህል። «ይዘት» የሚል ሳጥንም አለ፤ በዚያ ሳጥን ውስጥ ምን እንደሚለካ ግን ዳኞቹ ሲነጋገሩበት ሰምቼ አላውቅም።

ልጆቹን መንቀፌ አይደለም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ «ዝም በሉ!» እየተባለ ያደገ ልጅ፣ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ በሦስት መቶ ሰው ፊት ቆሞ ድምፁን ማሰማቱ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። እኔም ከልቤ አጨበጭብለታለሁ። ነቀፌታዬ በውድድሩ አሠራር ላይ ነው። አዳራሹ ውስጥ ተናጋሪ አለ፣ ዳኛ አለ፣ ሰዓት ያዥ አለ፣ አጨብጫቢ አለ። ተቀባይ ግን የለም።

ተቀባይ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ለማስረዳት ከማራኪ ግቢ ወጥቶ ከተማውን አንድ ዙር መዞር ይበቃል። የአርባ አራቱ ታቦት አገር የምትባለው ጎንደር ንግግርን ያለ ተቀባይ አታውቀውም። ከቅኔ ቤቱ እንጀምር። ተማሪው ቅኔውን ለብቻው ሆኖ ይቆጥራል። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ያሰማል፤ የዚህ ሥርዓት ስሙ ራሱ «ነገራ» ነው። የኔታ ጉንጫቸውን ደግፈው አዳምጠው «አመሰግናለሁ፣ ቀጣይ» አይሉም። ቤቱ ሲጎድል፣ አገባቡ ሲዛባ፣ ሰሙ ከወርቁ ሲጣላ እዚያው ላይ ያርማሉ፤ እዚያው ላይ ይጠይቃሉ። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ይዞ መቅረብ ነውር ነው፤ የጓደኛን ይዞ መቅረብማ አይነሣ። ሁለት ቤት ብቻ ባላት በጉባኤ ቃና የጀመረ ተማሪ፣ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ እስኪደርስ ስንት ጊዜ ተናግሮ ስንት ጊዜ እንደታረመ ራሱም አይቆጥረው። ቅኔው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲቀርብ ደግሞ ባለቅኔው ከአፉ እየተቀበለ በዜማ የሚያደርስለት ሰው አለው። ያ ሰው ያልሰማውን ሊያዜም አይችልም፤ መስማት ሥራው ነው።

በጎንደር በአታ ያስተማሩት አለቃ ገብረ ሐና ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው በረጅም ንግግራቸው አይደለም። ሰው ለወረወረባቸው ቃል ወዲያው በሚመልሱት መልስ ነው። አለቃን የነጥብ መስጫ ወረቀት ይዞ ሊለካቸው የሚነሣ ዳኛ፣ ለእጅ እንቅስቃሴያቸው ስንት ይሰጣቸው ይሆን?

ማታ ደግሞ አዝማሪ ቤት እንግባ። ታዳሚው ከመቀመጫው «ተቀበል!» ይላል፤ ስንኙን ይሰጣል። አዝማሪው ይቀበላል፣ በማሲንቆው ያዞረዋል፣ ሲፈልግ ጨምሮበት ለሰጪው ይመልስለታል። የተመለሰለት ሰው ወይ ይስቃል ወይ ሌላ ስንኝ ያቀብላል። ማን ተናጋሪ ማን አድማጭ እንደሆነ መለየት እስኪያቅት ድረስ ነገሩ ይቀባበላል። «ሴት ልጅ አደባባይ ንግግር አታውቅበትም» የሚል ሰው ካለም ወደ ልቅሶ ቤት እንውሰደው። አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ የሟቹን ዕድሜ፣ ሙያ፣ ዘመድ አዝማድ እዚያው ፈጥራ በግጥም ትናገራለች፤ ደረት የሚመታው ሕዝብ ይቀበላታል። ያልነካው ግጥም ከሆነ ተቀባዩ ይቀዘቅዛል፤ እሷም ከዚያ ታውቀዋለች። ማንም ቀይ ወረቀት ማንሣት አያስፈልገውም።

ከሁሉም ይልቅ ሙግቱ ይገርማል። የጥንቱ ተሟጋች «በላ ልበልሃ» ብሎ ሲነሣ ተቃራኒው ፊት ለፊቱ ቆሟል። «ተጠየቅ» ሲባል መልስ መስጠት ግዴታው ነው። በነገሩ ለመርታቱ ማር፣ በቅሎ፣ ፈረስ ሳይቀር ውርርድ ይገባል። ዛሬ ንትርክ ለማለት የምንጠቀምበት «እሰጥ አገባ» የሚለው አነጋገር የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። መንገድ ላይ የተጣሉ ሰዎች አላፊ አግዳሚውን አስቁመው ይዳኙ ነበር፤ የመንገድ ዳኛ ማለት እንግዲህ የማያውቃቸውን ሰዎች ነገር ቆሞ የሚሰማ መንገደኛ ነው። ይህ ሁሉ ፍጹም ነበር አልልም። ጉልበተኛ ያሸንፍ ነበር፤ አፈ ጮሌም ድሃውን ያስለቅስ ነበር። «አፈ ቅቤ፣ ልበ ጩቤ» የሚለው ተረት ከባዶ ሜዳ አልመጣም። ነገር ግን በዚያ ሥርዓት ማንም ተናግሮ፣ ተጨብጭቦለት፣ ሳይጠየቅ ወደ መቀመጫው አይመለስም ነበር።

«ይህ ሁሉ ያለፈ ዘመን ወግ ነው፤ የንግግር ውድድር ግን ከውጭ የመጣ ዘመናዊ ነገር ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ ወደ ውጭም እንውጣ። ዛሬ በየግቢው የምናየው ባለቀለም ወረቀትና የአምስት ከሰባት ደቂቃ ልክ በአብዛኛው የሚመሳሰለው ራልፍ ስሜድሊ የተባሉ አሜሪካዊ በ1924 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳንታ አና ከተማ ላይ ከመሠረቱት ከቶስትማስተርስ ክበብ ጋር ነው። የዚያ ክበብ ስብሰባ ግን ሦስት እግር አለው። አንደኛው ተዘጋጅተው የሚያቀርቡት ንግግር ነው። ሁለተኛው እዚያው በተሰጠ ርዕስ ላይ ሳይዘጋጁ የሚናገሩት የአንድና የሁለት ደቂቃ ንግግር ነው። ሦስተኛው ግምገማ ነው፤ አንድ አባል ተነሥቶ ከተናጋሪው ምን እንደሰማ፣ ምኑ እንደያዘው፣ ምኑ እንዳመለጠው በሁሉም ፊት ይናገራል። ገምጋሚዎች ብቻ የሚወዳደሩበት ውድድር ሳይቀር አላቸው። ማን የተሻለ ሰማ ተብለው ይሸለማሉ ማለት ነው! በ1981 እ.ኤ.አ. ግላስጎው ላይ በተጀመረው የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የክርክር ሻምፒዮናም ቢሆን፣ ተናጋሪው እየተናገረ ሳለ ተቃራኒው ወገን ከመቀመጫው ተነሥቶ ጥያቄ እንዲያቀርብ ደንቡ ይፈቅዳል። እኛ ሰዓቱንና ባለቀለም ወረቀቱን አስገባን፤ ግምገማውና ጥያቄው ግን ጉምሩክ ላይ የቀሩ ይመስላል።

ይህ ጉድለት በተግባር ምን እንደሚያደርግ አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። ስሙን በማልጠቅሰው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ የደምቢያ ልጅ ስለ አየር ንብረት ለውጥ በእንግሊዝኛ እየተናገረ ነበር። ስለ ዋልታ በረዶ መቅለጥ፣ ስለ ፓሪስ ስምምነት፣ ሁሉንም በቃሉ ይዞታል። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ጠፋው። ጠፋው ስላችሁ ድርግም ነው ያለበት። ጣራ ጣራውን አየ። ከዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ መሐል መሐሉ ላይ አማርኛ ጣል እያደረገ፣ ስለ ጣና ዳር ያወራ ጀመር። እንቦጭ የአባቱን የግጦሽ መሬት እንዴት እንደወረሰው፣ መንደርተኛው ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ አረሙን በእጁ ሲነቅል እንደሚውል፣ የተነቀለው ደግሞ በዓመቱ ተመልሶ እንደሚመጣ። ከኋላ አንድ ተማሪ ሳያስበው አምልጦት ጮኸ፤ «ማሽን መጣ ሲባል አልነበር እንዴ? የት ገባ?»

ተናጋሪው ወደዚያ ዞረ። ፊቱ ሲበራ አየሁት። ሊመልስ አፉን ሲከፍት የመድረክ መሪዋ ማይኩን አንሥታ «እባካችሁ፣ ሥርዓት እንያዝ፤ ተወዳዳሪውን አናቋርጥ» አለች። ወዲያው ቀዩ ወረቀት ተነሣ።

ልጁ አምስተኛ ወጣ። አንደኛ የወጣው ስለ ጊዜ አጠቃቀም የተናገረው ነው። በነጥብ መስጫው ወረቀት ከሄድን ውጤቱ ትክክል ነበር፤ ማንም አልተበደለም። እኔን የቆጨኝ ጥያቄው ነው። ያን ዕለት ከቀረቡት ንግግሮች ሁሉ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠን ሰው አፍ ያስከፈተ አንድ ብቻ ነበር። እሱንም ሥርዓት አስከባሪ ሆነን አፈንነው።

የቋንቋውንም ነገር ሳላነሣ አላልፍም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የማስተማሪያውን ቋንቋ እንግሊዝኛ አድርጎታል፤ ውድድሮቹም ባብዛኛው በእንግሊዝኛ ናቸው። እንግሊዝኛ ለሥራም ለትምህርትም ያስፈልጋል፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ተማሪው ሊለው የፈለገውን ትቶ ሊለው የሚችለውን ብቻ የሚናገርበት መድረክ ከሆነ፣ የምንለካው ሐሳቡን ሳይሆን የቃላት ስንቁን ነው። ከዶርም ጓደኛው ጋር በእራት ሰዓት ሲከራከር ጠበቃ የሚያስንቅ ልጅ፣ መድረክ ላይ ሲወጣ ከኢንተርኔት የተቀዳ አባባል ተሸካሚ ሲሆን አይቻለሁ። አማርኛ የሚቀናው በአማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የሚቀናው በዚያው ተናግሮ አስተርጓሚ ቢቆምለት ምን ይጎድላል?

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ ፈረንሳይኛ ያውቁ ነበር። የመረጡት ግን አማርኛን ነው። የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሲሞክሩ ከአዳራሹ እስኪወጡ ቆመው ጠበቁ፤ ከዚያ ንግግራቸውን ቀጠሉ። በዚያው ሐምሌ ማኅበሩ ጣሊያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ አነሣ። ንግግሩ ግሩም ነበር፤ አዳራሹ ግን ሊቀበለው አልፈለገም። ከዚህ የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ። የተናጋሪን ችሎታ ብቻ እያሠለጠንን ሰሚን ካላሠለጠንን፣ ከዚያ የላቀ ንግግር ብናፈራ እንኳ ዕጣው ያው ነው።

የራሳችንም የተማሪ መድረክ ታሪክ አለው። በ1943 ዓ.ም. በተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎቹ «የኮሌጅ ቀን» በሚባለው ዓመታዊ በዓል በግጥም ይወዳደሩ ነበር። የታኅሣሡ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በከሸፈበት በዚያው በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል»ን አነበበ። በ1959 ዓ.ም. ደግሞ ገሞራው እየተባለ የሚጠራው ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ በተማሪዎች ፊት «በረከተ መርገም»ን አሰማ። እነዚያ ግጥሞች በግቢው አጥር ውስጥ አልቀሩም። በእጅ ተገልብጠው፣ በቃል ተይዘው ከሰው ወደ ሰው ሄዱ። ተቀባይ ነበራቸው፤ የሚቆጣም ተቀባይ ነበራቸው። ገሞራው ኋላ ከአገር ወጥቶ፣ ዕድሜውን በስደት ጨርሶ በ2007 ዓ.ም. ስዊድን ውስጥ አረፈ። አንድ ተማሪ ዛሬ «የስኬት ቁልፍ» በሚል ርዕስ ሲናገር የሚያስከፍለው ዋጋ የለም፤ የሚያተርፈውም እንዲሁ።

ያንን ትውልድ እንዲሁ በጅምላ ማወደስ ግን አልፈልግም። ለመናገር የደፈረውን ያህል እርስ በርሱ ለመደማመጥ አልደፈረም። በአንድ አዳራሽ ለአንድ ግጥም አብረው ያጨበጨቡ ሰዎች፣ አሥር ዓመት ሳይሞላ በመኢሶንና በኢሕአፓ ተከፍለው ተገዳደሉ። ሁሉም ጥሩ ተናጋሪዎች ነበሩ። በጽሑፍ የተካኑ፣ ጥቅስ የማይጠፋባቸው፣ በመፈክር የሰለጠኑ። ከመካከላቸው ጠፍቶ የነበረው «ወንድሜ፣ አንተ የምትለው ይህን ነው፤ በትክክል ይዤሃለሁ?» የሚል ሰው ነው። ስለዚህ የንግግር ውድድሩ ነገር የዋዛ ጉዳይ የሚመስለው ሰው ካለ እንደገና ያስብበት።

ወደ ዛሬው እንመለስ። ዛሬ አንድ ተማሪ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የሚያልፈው «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ»፣ «መ» ከሚሉት ፊደላት ትክክለኛውን በመምረጥ ነው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ተጀመረ፤ እሱም በዚያው በምርጫ ነው። አንድ ልጅ ከአንደኛ ክፍል እስከ ምርቃት ድረስ «ይህን ያልኸው ለምንድን ነው?» ተብሎ ፊት ለፊት ሳይጠየቅ ሊመረቅ ይችላል። በዚያው በ2015 ዓ.ም. ቻት ጂፒቲ የተባለው ማሽን ወጣ። ርዕሱን ብትሰጡት በግማሽ ደቂቃ ውስጥ፣ ማንዴላንም ጨምሮ፣ የሰባት ደቂቃ ንግግር ጽፎ ያቀርብላችኋል። እንግሊዝኛው እንከን የለውም። እንግዲህ ያንን በቃሉ አጥንቶ፣ እጁን በልኩ እያወናጨፈ ያቀረበ ልጅ አንደኛ ሲወጣ የሸለምነው ማንን ነው? የመምህራን መድኃኒት ፍለጋ ብዙ ነው፤ ማጣሪያ ሶፍትዌር ይገዛል፣ ማስጠንቀቂያ ይለጠፋል። የቅኔ ቤቱ መምህር ግን ይህን ችግር ያለ ሶፍትዌር ፈትተውታል። ቅኔውን ከሰሙ በኋላ ይጠይቃሉ። የራሱ የሆነ ይመልሳል፤ የሰው የሆነ ያንቃል።

የሚነሡብኝን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁ። አንደኛው «ጥያቄ ካመጣህበት ዓይን አፋሩ ልጅ ጭራሽ አይወጣም፤ በተለይ ሴቶቹ ይሸሻሉ» የሚል ነው። እውነት አለው። ልጅን አስወጥቶ ማሳፈር ማስተማር አይደለም። ግን ጥያቄ ሁሉ ወጥመድ ነው ያለው ማን ነው? ከላይ የጠቀስሁት የደምቢያ ልጅ ፊቱ የበራው ሲጨበጨብለት ሳይሆን ሲጠየቅ ነው። የሰው ልጅ ከጭብጨባ ይልቅ «ቆይ፣ እሱን ነገር ድገመው እስቲ» ሲባል ነው የሚከበረው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። «በዚህ ዘመን፣ በዚህ ክልል፣ ልጆችን በቁም ነገር ላይ አናግረህ ልታስጠይቃቸው ነው ወይ?» ይሉኛል። ከ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወዲህ የሰሜኑ ምድር በጦርነት ውስጥ ከርሟል፤ የትግራዩ ጦርነት በስምምነት ሲቆም በ2015 ዓ.ም. ክረምት አማራ ክልል ውስጥ ሌላው ተቀሰቀሰ። ወላጅ ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲሸኝ «አፍህን ጠብቅ» ብሎ ነው የሚመርቀው። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት በእንዲህ ያለ ጊዜ ጥበብ ነው፤ የወላጅን ስጋት የሚያቃልል ሰው ልጅ የሌለው መሆን አለበት። እኔም ተማሪው ሰልፍ ይውጣ አላልሁም። ጥያቄ መለማመጃ የሚሆኑ ጉዳዮች ፖለቲካ ብቻ አይደሉም። የካፌው ወረፋ፣ የቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ፣ የውኃው መጥፋት፣ የእንቦጩ ነገር፣ የሠርግ ወጪ፣ ያለዕድሜ ጋብቻ፣ የቡድን ሥራ ላይ አንዱ ሠርቶ አምስቱ ስም ማስጻፋቸው ሞልቷል። በትንሹ ያልተደማመጠ በትልቁ አይደማመጥም።

ጎንደር ለዚህ ሩቅ አይደለችም። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም በ1947 ዓ.ም. ሲጀመር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ነበር። የጤና መኮንኑን፣ የኮሚዩኒቲ ነርሷንና የሳኒቴሽን ባለሙያውን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልካቸው ነበር። ሥራቸው መርፌ መውጋት ብቻ አልነበረም። ገበሬውን «መጸዳጃ ጉድጓድ ቆፍር፤ ውኃ አፍልተህ ጠጣ» ብሎ ማሳመን ነበረባቸው። ገበሬው ደግሞ አያጨበጭብም። «አባቴ ይህን ሳያውቅ ሰማንያ ዓመት ኖሯል፤ አንተ ልጅ ምን ልትነግረኝ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ያንን መልሶ ያሳመነ ባለሙያ፣ ዋንጫ ባይሰጠውም፣ ከማንኛውም የውድድር አሸናፊ የበለጠ ተናጋሪ ነው። የነጥብ መስጫው ወረቀት ያ ገበሬ ነበር።

እና ምን ይደረግ? የምለው ብዙ ወጪ የለውም። እያንዳንዱ ንግግር ሲያልቅ ለሦስት ደቂቃ ከተመልካቹ ጥያቄ ይቅረብ፤ ከነጥቡም ግማሹ ለመልሱ ይሁን። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ በዕጣ ተቀባይ ሆኖ ይቀመጥና የሰማውን በራሱ ቃል ይመልስ፤ ተናጋሪው «አዎ፣ ያልሁት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ ነገሩ አይለፍ። ለጥሩ ተቀባይም ሽልማት ይኑር። ከዳኞቹ መካከል ከግቢው ውጭ የመጣ ሰው ይቀመጥ፤ አንድ የቅኔ መምህር፣ አንዲት የቅዳሜ ገበያ ነጋዴ፣ አንድ የዕድር ዳኛ። እነሱ እንግሊዝኛውን ባያርሙም ነገር ያውቃሉ። ቋንቋውም ለተናጋሪው ምርጫ ይተው። ማራኪ ላይ ቢጀመር ደግሞ የቅኔ መምህሩን ለመጋበዝ ሩቅ መንገድ አያስኬድም።

ይህን ሁሉ የማነሣው በአንድ የተማሪዎች ዝግጅት ላይ ለመፈላሰፍ አይደለም። አገሪቱ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን አቋቁማለች። ስለ ኮሚሽኑ የተለያየ አስተያየት ሊኖረን ይችላል፤ በአንድ ነገር ግን የምንለያይ አይመስለኝም። ምክክር በአዋጅ ይቋቋማል እንጂ በአዋጅ አይለመድም። የሚለመደው በሃያ ዓመት ዕድሜ፣ በትንሽ አዳራሽ፣ በማያስገድል ጉዳይ ላይ ተናግሮ በመጠየቅ፣ ተጠይቆ በመመለስ፣ ሲረቱም «ረታኸኝ» በማለት ነው። ዛሬ መድረክ ላይ ለሰባት ደቂቃ ያለ ጠያቂ መናገር የለመደው ልጅ ነገ ሚኒስትር፣ ጋዜጠኛ፣ ሰባኪ፣ አዛዥ ይሆናል። ያኔም ሳይጠየቅ ይናገራል። እኛም ለምደነዋልና እናጨበጭባለን።

ስለዚህ የሚቀጥለውን ውድድር ለምታዘጋጁ መምህራንና ተማሪዎች አንድ ልመና አለኝ። ከዳኞቹ ጠረጴዛ አጠገብ አንድ ተጨማሪ ወንበር አስቀምጡ። ከኋላ ሆኖ «ማሽኑስ የት ገባ?» ብሎ የሚጮኸውን ልጅ ሥርዓት ያዝ አትበሉት። ወደ ፊት ጥሩትና እዚያ ላይ አስቀምጡት።